ካሜራ ብቻውን ሲያይ

በዲጂታል ካሜራ ላይ ካሉት ማዘዣዎች መካከል ሁለቱ ከቴክኒክ ጉዳይነት አልፈው የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ይቀሰቅሳሉ። አንደኛው ፍላሹ መቼና በምን ያህል ኃይል እንዲበራ የሚወስነው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ካዘዘው በኋላ ካሜራው በየአሥር ሰከንዱ፣ በየደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ማንም ሳይነካው እንዲያነሳ የሚያደርገው፣ በዚህ ጽሑፍ የፋታ ቀረጻ የሚባለው ነው። በመጀመሪያው ሰው በቦታው ያልነበረ ብርሃን ይዞ ይገባል፤ በሁለተኛው ሰው ራሱ ከቦታው ይወጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ የሚነሳው ጥያቄ፣ አድራጊው በሌለበት የተፈጸመ ድርጊት የማን ነው፣ ማንም ሳያየው የተመዘገበ ነገርስ ምስክሩ ማን ነው የሚል ይሆናል።

ይህን ጥያቄ በቆቦና በራያ ቆላ ላይ ቆሞ መመርመር የሚጠቅመው፣ አካባቢው ብርሃንና ፋታ በገሃድ የሚታዩበት በመሆኑ ነው። ሜዳው በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ በሚወጣው ደጋ መካከል የተዘረጋ ስለሆነ ፀሐይ ከአንዱ ተራራ ጀርባ ወጥታ ከሌላው ጀርባ ትገባለች። በክረምት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሆርማት፣ በጎቡና በጎሊና ወንዞች በኩል ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ ቆላው ላይ ጠብታ ያልወደቀበት ጊዜ ስለሚኖር፣ ጎርፉን ወደ ማሳው ለመጥለፍ ለሚጠባበቅ ገበሬ በዝናቡና በጎርፉ መድረሻ መካከል ያለውን ፋታ ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነው። የረጅም ጊዜ ማሽላውም በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር ድረስ ዓይን በማይለየው ዝግታ ሲያድግ ይከርማል። እንዲህ ያለውን ሂደት አሳጥሮ ለማሳየት ከፋታ ቀረጻ የተሻለ መሣሪያ የለም።

አሠራሩ በራሱ ቀላል ነው። ካሜራው በስታንድ ላይ ይተከልና ባለቤቱ የመጀመሪያው ምስል የሚነሳበትን ሰዓት፣ በምስልና በምስል መካከል የሚኖረውን ፋታና የምስሎቹን ብዛት ይሞላል፤ ፋታው ሹተር የሚባለው የብርሃን መከለያ ተከፍቶ ከሚቆይበት ጊዜ መርዘም አለበት፣ ፍላሽ ከተጨመረም የፍላሹ ኃይል እንደገና እስኪሞላ ያለውን ጊዜ መሸፈን ይኖርበታል። በየአሥር ሰከንዱ የሚያነሳ ካሜራ በአንድ ሰዓት 360 ምስሎች ይሰበስባል፤ እነዚህ በሰከንድ 24 ሆነው ሲታዩ ሰዓቱ ወደ 15 ሰከንድ ያጥራል፣ ተመልካቹም ሰዓቱን ሙሉ ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምስል በሰከንድ አንድ ስድሳኛ የተነሳ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የካሜራው ዓይን ተገልጦ የቆየው በድምሩ ለ6 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀሩት 3,594 ሰከንዶች አልተመዘገቡም፤ ያም ሆኖ በሚታየው ፊልም ላይ ምንም ስፌት አይታይባቸውም።

ይህ ስሌት ካሜራውን ሐሰተኛ አያደርገውም። በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ካሜራዎችን በተርታ አሰልፎ የሚጋልብ ፈረስ ባነሳ ጊዜ፣ አራቱም ኮቴዎች ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት እንዳለ፣ ያም እግሮቹ ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ እንጂ ሠዓሊዎች ሲሥሉት እንደኖሩት ወደፊትና ወደኋላ በተዘረጉ ጊዜ እንዳልሆነ ታውቋል። የሰው ዓይን ምንም ያህል ቢተጋ ሊለየው ያልቻለውን ነገር መሣሪያው ለይቶታል። እንግዲህ ማሽኑ እውነት መመዝገቡ አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው የተመዘገበው ነገር ምስክርነት የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ነው።

ጊዜን ወደ ቅንጣት መከፋፈል ለኢትዮጵያ ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣበት፣ በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ፣ አንዱን ቀን ከነሌሊቱ 60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን 60 ካልዒት፣ ካልዒቱን 60 ሣልሲት፣ ሣልሲቱን 60 ራብዒት፣ ራብዒቱን 60 ኃምሲት፣ ኃምሲቱን 60 ሳድሲት አድርጎ ይከፍላል። በዛሬው የሰዓት ልክ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት የሚያንስ፣ ራብዒት የሰከንድ 150ኛ፣ ኃምሲት የሰከንድ 9,000ኛ እጅ ይሆናል። የሚያስደንቀው፣ ራብዒት ሹተር በቀን ብርሃን ከሚከፈትበት ጊዜ ጋር፣ ኃምሲት ደግሞ ኃይሉ የተቀነሰ ፍላሽ ከሚበራበት ጊዜ ጋር መቀራረባቸው ነው። ሊቃውንቱ ኃምሲትን የሚያዩበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ እስከዚያ ድረስ የወረዱት የፀሐይና የጨረቃ ዑደት የሚያስተርፈውን ጥቃቅን ሳይጥሉ ለመያዝ ነው፣ የተጣለ ጥቃቅን በዘመናት ብዛት ተጠራቅሞ በዓሉን ከቦታው ያናጋዋልና። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱ ሥርዓቶች በግልጽ ይለያያሉ፦ ባሕረ ሐሳብ ቅንጣቱን የሚቆጥረው ምንም እንዳይጠፋ ሲሆን፣ የፋታ ቀረጻ ግን አንዱን ቅንጣት ይዞ ሌላውን ሁሉ ይለቃል። መልቀቁ ነውር አይደለም፣ ያለዚያ ጥበቡ ራሱ አይኖርም፤ ዳሩ ግን የተለቀቀውን የሚያውቀው ማሽኑ ሳይሆን ፋታውን የመረጠው ሰው ነው።

አውግስጢኖስ በኑዛዜው አሥራ አንደኛ መጽሐፍ ስለ ጊዜ ሲመረምር፣ ያለፈው በትውስታ፣ የሚመጣው በተስፋና በጥበቃ፣ ያለው ደግሞ በማስተዋል በነፍስ ውስጥ እንደሚኖር፣ ጊዜም የሚለካው በነፍስ መዘርጋት እንደሆነ አስተምሯል። በዚህ ትምህርት መሠረት ሲታይ፣ ብቻውን የተተወ ካሜራ በጊዜ ውስጥ ቢሠራም ጊዜ የለውም፤ መቶኛውን ምስል ሲያነሳ ዘጠና ዘጠነኛውን አያስታውስም፣ መቶ አንደኛውንም አይጠብቅም። በራያ ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ እንዳይጨርሰው ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውለው ጠባቂ ከካሜራው የሚለየው በዚህ ነው፤ ጠባቂው ማሳውን ለአፍታ ባያይ እንኳ አለማየቱን ያውቃል፣ ወፉ ባልመጣበት ሰዓትም መምጣቱን እየጠበቀ ነው፣ ስለዚህ በሁለት እይታዎች መካከል ያለው ፋታ ለእርሱ ባዶ አይደለም። ሁለቱም ከፍ ብለው ቆመው አንዱን ማሳ ቢመለከቱም፣ ማታ ማሳው እንዴት ዋለ ተብሎ መልስ የሚጠየቀው ጠባቂው ነው።

ሃይማኖቶቹም ቀኑን በፋታ የከፈሉት ባዶውን ለመዝለል አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉት፤ የቀድሞዎቹ ካህናት ሰዓቱን የሚያውቁት የሰውን ጥላ በጫማ እየለኩ፣ ልኩንም እንደ ወሩ እየለዋወጡ ነበር። ሙስሊሙም የፈጅርን ሶላት ጎሕ ሲቀድ፣ የዙህርን ፀሐይ ከአናት ስትዘነበል፣ የአስርን በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ነገር ጥላ ከቀትሩ ጥላ ላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲጨምር፣ የመግሪብን ፀሐይ ስትገባ ይሰግዳል። ሁለቱ ሕዝቦች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በራያ፣ ቀኑ የሚከፈለው እኩል በሆነ ቁጥር ሳይሆን በብርሃኑ በራሱ መለዋወጥ ነው፤ ሰውም ብርሃኑ ወደሚደርስበት ደረጃ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ፍላሽ ይህን ጥበቃ ያስቀራል፤ ከባድነቱም ከዚህ ይመጣል። በጥንት ግሪኮች ዘንድ ዩክሊድን የመሰሉ ሊቃውንት ማየት የሚሆነው ከዓይን የሚወጣ ጨረር ወደ ነገሩ ሄዶ ሲነካው ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ከ965 እስከ 1040 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው ኢብኑል ሃይሠም ግን ስለ እይታ በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ፣ ብርሃን ከነገሩ ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚገባ፣ ዓይንም ተቀባይ እንጂ ላኪ እንዳልሆነ አስረዳ። ፍላሽ የተገጠመለት ካሜራ የተሸነፈውን የግሪኮች ሐሳብ በመሣሪያ መልሶ ያመጣዋል፤ ከራሱ ብርሃን ይልካል፣ የላከው ነገሩን ነክቶ ሲመለስም ይቀበላል። እንዲያውም ዘመናዊው ካሜራ ዋናው ብልጭታ ከመውጣቱ በፊት መለስተኛ ብልጭታ ልኮ በሌንሱ በኩል የተመለሰውን ይለካና የዋናውን ኃይል ከዚያ ይወስናል። ተቀባይ የነበረው ዓይን እንዲህ ላኪ ሲሆን፣ የሚያየው ነገር በከፊል የራሱ ሥራ ይሆናል።

የዚህ ውጤት በሌሊት ማኅሌት ላይ በደንብ ይታያል። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ከፍላሹ 2 ሜትር ላይ የቆመው መዘምር ከሚያገኘው ብርሃን 8 ሜትር ላይ ለቆመው የሚደርሰው አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው። ስለዚህ በጧፍ ብርሃን አንድ ሆኖ የነበረው ጉባኤ በምስሉ ላይ ጥቂት የነጡ ፊቶችና ከኋላቸው ጥቁር ባዶ ሆኖ ይወጣል፣ የጧፉም ብርሃን ይጠፋል። ባለሙያው ይህን የሚያርመው ሹተሩን ዘግየት አድርጎ ጧፉ እንዲመዘገብ በመፍቀድና የፍላሹን ኃይል በመቀነስ ነው። በዚህ ጊዜም ሌላ ምርጫ ይመጣል፦ ፍላሹ ሹተሩ እንደተከፈተ ቢበራ የሚወዛወዘው መቋሚያ ዱካ ከፊቱ ይታያል፣ ሹተሩ ሊዘጋ ሲል ቢበራ ግን ዱካው ከኋላው ይቀራል። ሽብሸባው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በምስሉ ላይ መቋሚያው ወደፊት የሚሄድ ወይም ወደኋላ የሚያፈገፍግ የሚመስለው በአንዲት ማዘዣ ነው፤ የቀደመና የተከተለ የሚባለው የጊዜ ቅደም ተከተል ራሱ በፎቶ አንሺው እጅ ይወድቃል ማለት ነው።

የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፎቶግራፍ የተፈቀደ ስለመሆኑ ሲጽፉ፣ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ጥላ መያዝ እንጂ በሥዕል እንደሚደረገው አዲስ ቅርጽ መፍጠር አይደለም የሚል መከራከሪያ አቅርበዋል። መከራከሪያው በፀሐይ ብርሃን ለተነሳ ምስል ጽኑ ነው። ፍላሽ ግን በቦታው ያልነበረ ጥላ ይሠራል፤ ከሰውዬው ጀርባ በግድግዳው ላይ የወደቀው ጥቁር ቅርጽ ከብልጭታው በፊት አልነበረም፣ ከብልጭታው በኋላም የለም። በዚህ የተነሳ ፍላሽ ክልክል ነው ማለት አይቻልም፣ እንዲህ ያለውን ብይን መስጠትም የዑለማዎች ሥልጣን ነው። ሆኖም መያዝና መሥራት በሚሉት ሁለት ተግባራት መካከል ያለው ድንበር በፍላሽ ቁልፍ ላይ እንደሚያልፍ፣ ቁልፉን የሚጫነውም ሰው ከያዥነት ወደ ሠሪነት እንደሚሸጋገር መከራከሪያው ራሱ ያሳያል። የክርስትናውም ሥርዓት በሌላ መንገድ ወደዚሁ ያመለክታል፤ ታቦት በጥምቀት በአደባባይ ሲወጣ በልብስ ተሸፍኖ ነውና፣ ሁሉ ነገር ብርሃን ስለተገኘለት ብቻ መታየት እንዳለበት አይታሰብም።

የፋታው ጥያቄ ደግሞ ከዚሁ ምድር ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ከአላማጣ በላይ ከአፋፉ ላይ ባለችው ኮረም፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ ጋር የቀረጸውና ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ያሰራጨው ዘገባ በጊዜው የነበረውን ረሃብ ለዓለም አሳውቋል፤ ዘገባው የሚጀምረውም በንጋት፣ ፀሐይ ራሷ በሰጠችው ብርሃን፣ ብርድ ላይ ባደሩ ሰዎች ነው። የእነዚያ ምስሎች ክብደት የመጣው ቀራጮቹ በቦታው ከመገኘታቸውና ለሚያዩት ነገር በራሳቸው ድምፅ መልስ ከመስጠታቸው ነው። ከዚያ በፊት ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ያሳየበት ፊልም ግን ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ፍርዱ የተጻፈው ግን በሁለቱ መካከል ባለው ቁራጭ ቦታ ላይ ነበር፤ አንዱን ምስል ከሌላው ያጎራበተው ሰው ምንም ሳይናገር ብዙ ተናግሯል። ንጉሡም መንግሥታቸውም የሚጠየቁበት በቂ ምክንያት ነበር፣ ይህ ግን ያጎራበተውን ሰው ከተጠያቂነት አያወጣውም።

እንግዲህ አድራጊው በሌለበት የተፈጸመ ድርጊት የማን ነው ለሚለው ሁለቱም ሃይማኖቶች መልስ ያላቸው ይመስላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ኃጢአትም ጽድቅም በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ እንደሚፈጸም ያስተምራሉ፤ በእስልምናም ሥራ የሚመዘነው በኒያ፣ ማለትም በልብ በተያዘው ሐሳብ ነው። የፋታ ቀረጻ ሐሳቡንና ድርጊቱን በሰዓታት ይለያያቸዋል፦ ባለቤቱ ማታ ቆቦ ላይ አዝዞ ተኝቶ ሳለ ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። የተኛው ሰው በዚያ ሰዓት ምንም አላደረገም። ነገር ግን የት እንደሚተከል፣ ወዴት እንደሚያይ፣ ምን ያህል እንደሚዘል፣ የማን ፊት ላይ ብልጭ እንደሚል ያሰበው እርሱ ስለሆነ፣ ገቢሩን ለማሽኑ ቢያስተላልፍም ሐልዮው ከእርሱ ጋር አድሯል። ስለዚህ ድርጊቱ የእርሱ ነው ማለት ትክክል ነው። ምስክርነቱ ግን ገና የእርሱ አይደለም፣ የመሰከረ ማለት ያየ ማለት ነውና እርሱ አላየም። ኃላፊነት እይታን ሊቀድም ይችላል፤ ምስክርነት አይችልም። አንድ ሰው ያላየውን ሌሊት እንዳየ አድርጎ ፋታውንና ብርሃኑን ሳይገልጽ ሲያቀርብ፣ ምስሎቹ ሁሉ እውነተኛ ሆነው ሳሉ የሐሰት ምስክር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ልዩነት አለ፣ እርሱም በሥራ ላይ ብዙ የሚመዝን ነው። ማሽላውን፣ ደመናውን፣ ጎርፉን ለካሜራ ብቻ መተው ይቻላል። ሰውን ግን መተው አይገባም፣ ምክንያቱም ሰው ፊቱን የማዞር፣ በነጠላው የመሸፈን፣ በእጁ የመከልከል መብት አለው፣ ይህም መብት ክልከላውን የሚያይና የሚቀበል ሌላ ሰው ከሌለ ባዶ ነው። የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሶለል ሲጫወቱ ደስ ብሏቸው የሚነሱ ብዙዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ አንገቷን ብትሰብር፣ በቦታው ያለ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ዝቅ ያደርጋል፣ በስታንድ ላይ የተተወው ግን በቀጣዩ አሥር ሰከንድ ፍላሹን በፊቷ ላይ ያበራል። ካሜራው ጭካኔ የለበትም፤ እምቢታን የሚሰማበት አቅም የለውም እንጂ፣ ይህንንም እያወቀ ትቶት የሄደው ሰው ይጠየቅበታል።

አስቸጋሪው ጉዳይ የሁለቱ መቀላቀል ነው። ለጎርፍ ተብሎ ሆርማት ዳር የተተከለ ካሜራ፣ ሳይታሰብ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ወይም ከብት የሚያሻግር ልጅ ሊይዝ ይችላል፣ እነዚህም መነሳታቸውን አያውቁም። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ በማግስቱ ምስሎቹን ሲከፍት፣ ለዚያች ሴት የመጀመሪያው ተመልካች ይሆናል፤ ምስክርነቱም ከዚያች ሰዓት ይጀምራል፣ በቦታው ቢሆን ኖሮ ይጠይቃት የነበረውን ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታም እንዲሁ። አካባቢው የሚተዋወቅ ስለሆነ ሴትዮዋን ፈልጎ ማግኘት ብዙውን ጊዜ ይቻላል፤ ካልተቻለ ወይም እምቢ ካለች ያ ምስል ከተከታታዩ ይወጣል፣ ፊልሙም እዚያ ቦታ ላይ ዘለል ይላል፤ ዝላዩንም በሌላ ምስል ሞልቶ ከመደበቅ ይልቅ እንዳለ መተው ይሻላል።